አድራሻ ያለው ጎዶ፦ አብሰርድ ቴአትር ከገዳሪፍ ድንበር ሲታይ

ኡም ራኩባ በምሥራቅ ሱዳን፣ በገዳሪፍ ግዛት፣ ከኢትዮጵያ ድንበር 70 ኪሎ ሜትር ገደማ ገባ ብሎ የሚገኝ የስደተኞች መጠለያ ነው። በ1984 እና በ1985 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች፣ ዓ.ም. ካልተባለባቸው በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ረሀቡንና የደርግ ዘመን ጦርነቱን የሸሹ ኢትዮጵያውያን ሰፈሩበት። ዘመኑ አልፎ መጠለያው ተዘጋ። በኖቬምበር 2020 የትግራይ ጦርነት ሲፈነዳ ተመልሶ ተከፈተ። በኤፕሪል 2023 ደግሞ የሱዳን ጦርነት ተነሣና በተራቸው ሱዳናውያን በገላባት በኩል ወደ መተማ ተሻገሩ፤ ከድንበሩ ወዲህ፣ በምዕራብ ጎንደር፣ ኩመርና አውላላ የተባሉ መጠለያዎች ተከፈቱላቸው። አርባ ዓመት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ አንዲት ድንበር በሁለቱም አቅጣጫ ሕይወት አድን ሆነች፤ በሁለቱም ወገን ሰው ተቀምጦ ይጠብቅ ጀመር።

እንዲህ ያለውን መገላበጥ መድረክ ላይ ያየ ተመልካች ደራሲውን «አጋነንከው» ብሎ ሊወቅሰው ይችላል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ፓሪስ ላይ ብቅ ያለው አብሰርድ ቴአትር ግን ሙያው ይኸው ነው፤ መነሻውና መድረሻው ያልተገለጠለት፣ የሚጠብቀው ያልመጣለት፣ ልሂድ ቢልም እግሩ የማይታዘዝለት ሰው የሚገኝበትን ሁኔታ ያለ ማብራሪያ ማሳየት። ይህ ዳሰሳ ዘርፉን በጠቅላላው ለማስተዋወቅ የተጻፈ ነው፤ የሚመለከተው ግን በመተማና በገዳሪፍ አቅጣጫ ቆሞ ነው። ከዚያ ሲታይ አንድ ልዩነት ጎልቶ ይወጣል። የሳሙኤል ቤኬት ሰዎች የሚጠብቁት ጎዶ ማን እንደሆነና የት እንደሚኖር አይታወቅም። በምሥራቅ ሱዳን የሚጠበቀው ቢሮ አለው፣ ማኅተም አለው፣ የሥራ ሰዓት አለው።

ሐሳቡ ከመድረኩ ይቀድማል። ዴንማርካዊው ሶረን ኪርከጎር በ1849 ባሳተመው «ለሞት የሚያደርስ ሕመም» በተባለው መጽሐፉ ተስፋ መቁረጥን እንደ አላፊ ስሜት አላየውም። ለእሱ ተስፋ መቁረጥ ሰው ከገዛ ራሱ ጋር ያለው ግንኙነት ሲናጋ የሚመጣ ነው። ራሱን መሆን የማይፈልግ ሰው ተስፋ ቆርጧል፤ ፈጣሪውን ገፍቶ በራሱ ጉልበት ብቻ ራሱን ሊሆን የሚታገልም ተስፋ ቆርጧል፤ ብዙው ሰው ደግሞ ተስፋ መቁረጡን እንኳ ሳያውቅ ይኖራል። ኪርከጎር መውጫው እምነት ነው ይል ነበር። አልቤር ካሙ በ1942፣ ፈረንሳይ በናዚ ተይዛ ሳለች፣ «የሲሲፈስ ተረት»ን ሲያሳትም ያንን በር ዘጋው። አብሰርድ የሚለው ነገር በሰው ልብ ውስጥ ብቻ ወይም በዓለም ውስጥ ብቻ የሚገኝ አይደለም አለ፤ ትርጉም አምጣ የሚለው ሰውና መልስ የማይሰጠው ዓለም ፊት ለፊት ሲገናኙ ነው የሚወለደው። ራስን ማጥፋትም ሆነ በወዲያኛው ዓለም መጽናናት ለካሙ ሽሽት ናቸው፤ እያወቁ እንቢ ማለት ብቻ ነው የሚቀረው። ሳርትር በ1944 ባሳየው «መውጫ የለም» ሦስት ሙታንን አንድ ክፍል ውስጥ ዘጋባቸው፤ ገራፊ አላስፈለጋቸውም፣ እርስ በርሳቸው በቁ።

ቅዱስ መጽሐፍን ከልጅነቱ የሰማ አማርኛ አንባቢ ይህን ሁሉ ሲሰማ ብዙም ላይደነግጥ ይችላል። መጽሐፈ መክብብ ከፓሪሶቹ በፊት ሰው ከፀሐይ በታች የሚደክመውን ድካም መርምሮ ከንቱነቱን ተናግሯል። መክብብ ግን ፈሪሃ እግዚአብሔርን መደምደሚያ አድርጎ አቆየ፤ የፓሪሶቹ መደምደሚያውን ቀደዱት። ኢትዮጵያዊ ደራስያን ለዚህ ቴአትር ለምን ቀዝቀዝ እንዳሉ ስንጠይቅ ይህ ነገር ተመልሶ ይመጣል።

የዘርፉን ስም ያወጣለት ተወልዶ ያደገው በቡዳፔስትና በቪየና፣ የሠራው በቢቢሲ የሆነው ማርቲን ኤስሊን ነው። በ1961 ባሳተመው መጽሐፍ ቤኬትን፣ ዩዤን ዮኔስኮን፣ አርተር አዳሞቭንና ዣን ዥኔን በአንድ ርዕስ ሥር ሰበሰባቸው። እነሱ ማኅበር አላቋቋሙም፤ አንዳንዶቹ ስሙንም አልወደዱትም። የኤስሊን መከራከሪያ ግን ዛሬም ጠቃሚ ነው። ሳርትርና ካሙ ስለ ትርጉም አልባነት የጻፉት በተስተካከለ ምክንያትና ውጤት፣ በጠራ ንግግር ነው። እነ ቤኬት ግን ምክንያትና ውጤቱን ራሱን አፈረሱት፤ ጭውውቱ ይዞራል፣ ታሪኩ አይራመድም፣ ገጸ ባሕርያቱ ትናንት ያደረጉትን አያስታውሱም። የዮኔስኮን «ወንበሮቹ» (1952) ማየት ይበቃል። ባልና ሚስት ሽማግሌዎች ለማይታዩ እንግዶች ወንበር ሲደረድሩ መድረኩ ይሞላል፤ የሕይወታቸውን ትልቅ መልእክት እንዲናገርላቸው የቀጠሩት ተናጋሪ በመጨረሻ ሲመጣ መስማትም መናገርም የማይችል ሆኖ ተገኘ። «አውራሪስ» (1959) ውስጥ ደግሞ የአንድ ከተማ ሕዝብ ተራ በተራ አውራሪስ ይሆናል፤ አንድ ጠጪና ሰነፍ የቢሮ ሠራተኛ ብቻ ሰው ሆኖ ይቀራል። በነጭና በቀይ ሽብር ዘመን ያለፈ አዲስ አበቤ ይህንን ተውኔት ያለ ማብራሪያ ይረዳዋል ብዬ እገምታለሁ።

ማዕከሉ ግን ያው «ጎዶን ሲጠብቁ» ነው። ጃንዋሪ 5 ቀን 1953 ፓሪስ ውስጥ ቴአትር ደ ባቢሎን በተባለ ትንሽ አዳራሽ፣ በሮጀ ብላን አዘጋጅነት ለመጀመሪያ ጊዜ ታየ። ቤኬት የፈረንሳይ ፀረ ናዚ ኅቡዕ ትግል አባል ነበር፤ ጓዶቹ ሲያዙ በኋላ ካገባት ወዳጁ ጋር በእግር ወደ ደቡብ ሸሽቶ ሩሲዮን በተባለች መንደር የጦርነቱን ማብቂያ ሲጠብቅ ከርሟል። በገጠር መንገድ ዳር፣ አንዲት ዛፍ አጠገብ፣ ነጋ ጠባ የማይመጣ ሰው ለመጠበቅ የተቀመጡት ሁለት ነዳያን ከዚያ ጥበቃ የመጡ እንደሆኑ ብዙ ተብሏል። ማታ ማታ አንድ ልጅ ይመጣል፤ አቶ ጎዶ ዛሬ አይመጡም፣ ነገ ግን እርግጠኛ ነው ይላቸዋል። በሁለተኛው ገቢር ዛፏ ጥቂት ቅጠል ታወጣለች፤ ፖዞ የተባለው ባለ ጅራፍ ጌታ ታውሮ ይመለሳል። የቀረው ሁሉ ያው ነው።

ይህ ተስፋ መቁረጥ ነውን? ጉንተር አንደርስ የተባለው ጀርመናዊ ፈላስፋ በ1950ዎቹ መጀመሪያ በጻፈው መጣጥፍ አይደለም ብሎ ተከራከረ፤ በእኔ እይታ ስለ ቤኬት ከተጻፈው ሁሉ ሹሉ ነገር ይህ ነው። ሁለቱ ነዳያን ተስፋ የቆረጡ ሰዎች አይደሉም፤ ችግራቸው ተስፋ መቁረጥ አለመቻላቸው ነው። ምንም እንደማይመጣ የሚያሳይ ማስረጃ ዓይናቸው ሥር ተቀምጦ መጠበቃቸው ራሱ የሚመጣ ነገር ለመኖሩ ማረጋገጫ ይሆናቸዋል፤ እየጠበቅን ስለሆነ የሚጠበቅ አለ ማለት ነው ብለው ያስባሉ። በስደተኛ መጠለያ ዓመታት ያሳለፈ ሰው ይህንን አስተሳሰብ ከውስጥ ያውቀዋል። «ፕሮሰስ» የሚሉት ነገር እንዲህ ነው። ፎርም ተሞልቷል፣ አሻራ ተሰጥቷል፣ ቃለ መጠይቁ አልፏል፤ ስለዚህ ጉዳዩ አለ። ጉዳዩ ካለ የሚወስን አለ። የሚወስን ካለ መሄድ ሞኝነት ነው።

የተውኔቱ ታሪክም ይህንን ይመሰክራል። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ግራ የገባቸው ቴአትር አዋቂ የተባሉት ናቸው። በ1956 ማያሚ ውስጥ ሲታይ ታዳሚው እየተነሣ ወጣ። በኖቬምበር 1957 ሄርበርት ብላው ያዘጋጀውን ቡድን ካሊፎርኒያ ሳን ኩዌንቲን እስር ቤት ሲያመጡት ግን ወደ 1,400 የሚጠጉ እስረኞች ጸጥ ብለው አዩት፤ ኤስሊንም መጽሐፉን የከፈተው በዚህ ታሪክ ነው። ለእስረኞቹ ማብራሪያ አላስፈለጋቸውም። በ1980ዎቹ ስዊድን ውስጥ ያን ዮንሶን የተባለ ተዋናይ ያሠለጠናቸው እስረኛ ተዋንያን ከእስር ቤት ውጭ ሊያሳዩ በተወሰዱበት ጊዜ፣ ትርኢቱ ሊጀመር ሲል፣ ከአምስቱ አራቱ ጠፉ። ቤኬት ሲነገረው ሣቀ ይባላል። እኔ ይህን ታሪክ የምወደው ተውኔቱን ተዋንያኑ ራሳቸው ስለተቹት ነው።

በ1980 ኬፕታውን ባክስተር ቴአትር ጆን ካኒና ዊንስተን ንቾና ሁለቱን ነዳያን ሆነው ተጫወቱ፤ ጥቁር ተዋንያን በአፓርታይድ አገር መንገድ ዳር ቆመው ሲጠብቁ ማንም ስለ ሜታፊዚክስ አላሰበም። በ1993 ሱዛን ሶንታግ ከበባ ውስጥ ባለችው ሳራዬቮ በሻማ ብርሃን አዘጋጀችው፤ የመጀመሪያውን ገቢር ብቻ ነው ያሳየችው። ሁለተኛው ገቢር እዚያ ለነበሩ ሰዎች ከሚችሉት በላይ እንደሚሆንባቸው አስባ ነበር። ከእስር ቤት፣ ከአፓርታይድና ከከበባ የመጣው ይህ ሁሉ ንባብ በአንድ ነገር ይስማማል፤ ጎዶን ስም አልባ አድርጎ ማየት የሚቻለው ከሩቅ ነው። ከቅርብ የሚያየው ሰው ጎዶ የትኛው መሥሪያ ቤት እንደሆነ ይነግርሃል።

አሁን ወደ ገዳሪፍ። በ1984 በኡም ራኩባ ሲጠብቁ ከነበሩት መካከል ከጎንደርና ከትግራይ በእግር የመጡ ቤተ እስራኤላውያን ነበሩ። መጠበቃቸው በእጥፍ የከበደ ነው። ማንነታቸውን መደበቅ ነበረባቸው፤ ምክንያቱም ሱዳን ከእስራኤል ጋር ጠላት ነበረች፣ በመጠለያው ያለው ጎረቤትም የሚያምኑት ዓይነት አልነበረም። በሽታና ረሀብ ሲመጣ ሬሳቸውን በሥርዓታቸው ለመቅበር እንኳ ተቸገሩ። በመንገድና በሱዳን መጠለያዎች የሞቱት 4,000 ገደማ እንደሚሆኑ ይገመታል፤ ኢየሩሳሌም ሄርዝል ተራራ ላይ መታሰቢያ ቆሞላቸዋል። ከኖቬምበር 21 ቀን 1984 ጀምሮ በሌሊት አውቶቡስ ከገዳሪፍ ወደ ካርቱም፣ ከዚያ በቤልጅግ አየር መንገድ አውሮፕላን በብራስልስ በኩል ወደ እስራኤል ሰዎች መወሰድ ጀመሩ። ይህ «ኦፐሬሽን ሙሴ» የተባለው ነው። ወሬው አደባባይ ወጣና በጃንዋሪ 1985 መጀመሪያ ቆመ። በዚያ ሌሊት ስሙ ያልተጠራ ሰው ወደ ጎጆው ተመለሰ። በማርች 1985 የአሜሪካ ሄርኩለስ አውሮፕላኖች ገዳሪፍ አጠገብ ካለ ሜዳ ላይ አርፈው ወደ 500 የሚሆኑትን ቀሪዎች ወሰዱ።

ልብ በሉ፤ እዚህ ጎዶ መጣ። የመጣው ግን በሌሊት፣ ዝርዝር ይዞ፣ ለአንዱ መጥቶ ለሌላው ሳይመጣ ነው። ቤኬት ሁለቱን ነዳያን እኩል ሲያስጠብቃቸው የሰጣቸውን ዕድል ገዳሪፍ አልሰጠም፤ የገዳሪፍ ጭካኔ አንዱ ስሙ ሲጠራ ሌላው መስማቱ ነው። ይህ በአብሰርድ ቴአትር ንድፈ ሐሳብ ውስጥ ቦታ የለውም ማለት ይቻላል፤ እዚያ ሰው ሁሉ የተረሳ ነው።

ከዚህ መጠበቅ የወጣ ቴአትር መኖሩ ሊገርም አይገባም። ዮሲ ቫሳ በልጅነቱ ከቤተሰቡ ጋር በእግር ወደ ሱዳን ተጉዞ፣ በመጠለያ ቆይቶ፣ እስራኤል የገባ ተዋናይና ቀልደኛ ነው። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ከሻይ ቤን አታር ጋር የጻፈው የአንድ ሰው ትርኢት «በአማርኛ ሲባል ይሻላል» የሚል ርዕስ ነበረው፤ በእስራኤልም ውጭ አገርም ታየ። ቆይተው ሁለቱ የፈጠሩት «ነብሱ» የተባለው የቴሌቪዥን ኮሜዲ በ2018 ዓለም አቀፍ ኤሚ አገኘ። ቫሳ ከሱዳን መንገድ ያወጣው ተስፋ መቁረጥን ሳይሆን ሣቅን ነው። በአብሰርድ መንፈስ ሲታይ ግን ይህ ያን ያህል ርቀት የለውም። ዮኔስኮም ቤኬትም የሚያስቁ ደራስያን ናቸው፤ ቤኬት ነዳያኑን የቀረጸው የድምፅ አልባ ፊልም ቀልደኞችን እያሰበ ነው። ሰው የገጠመውን እየቀለደ ሲነግርህ መጀመሪያ የምትስቀው አንተ ነህ፤ ዝምታው ቆይቶ ይመጣል።

የስደት መጠበቅ የገዳሪፍ ብቸኛ ዑደት አይደለም። ሌላው ሰሊጥና ማሽላ ነው። በእንግሊዞች ጊዜ፣ በ1940ዎቹ፣ በትራክተር የሚታረስ ሰፊ እርሻ በጥቁሩ አፈር ላይ ተጀመረ፤ ከዚያ ወዲህ ክረምት በመጣ ቁጥር ከሱዳን ጥግ ሁሉና ከመተማ፣ ከቋራ፣ ከሑመራ ወገን የጉልበት ሠራተኛ ይጎርፋል። ሰሊጥ ፍሬውን ሳይበትን በቀናት ውስጥ መታጨድ አለበት፤ የቀን ዋጋውም ሆነ የሰውየው ዓመት በነዚያ ቀናት ላይ የተንጠለጠለ ነው። ካላዛር የሚባለው የአሸዋ ዝንብ በሽታ ከሁለቱም ወገን ብዙ ሠራተኛ ጨርሷል። ገንዘቡ ከተገኘ በኋላ በጠላና በአረቄ ቤት ይፈሳል፤ ባዶ ኪስ ይዞ እንደገና ዝናብ ይጠበቃል።

ይህንን ሕይወት በሥነ ጽሑፍ ያስቀመጠው ከሰላ ተወልዶ በዚያው በምሥራቅ ሱዳን ያደገው ደራሲ አብደል አዚዝ በረካ ሳኪን ነው። «አል-ጀንጎ» የተባለው ልቦለዱ በ2009 የጠይብ ሳሊሕ ሽልማት አገኘ፤ ብዙም ሳይቆይ ሱዳን ውስጥ ታገደ። በ2020 የፈረንሳይኛ ትርጉሙ ለዐረብ ሥነ ጽሑፍ የሚሰጥ የፈረንሳይ ሽልማት ወሰደ። ጀንጎ የሚባሉት ወቅታዊ ሠራተኞቹ ናቸው፤ ታሪኩ የሚካሄደው በኢትዮጵያ ድንበር አጠገብ ባለ ሠፈር ነው፤ ከገጸ ባሕርያቱ መካከል ከወዲህ የተሻገሩ ሴቶችና ወንዶች አሉ። ልቦለድ ቢሆንም ቁጭ ብሎ የሚያወራ፣ የሚፎክር፣ የሚዋሽ፣ ትናንት የተናገረውን ዛሬ የሚያፈርስ ሰው ስለሞላበት ለመድረክ የቀረበ ሥራ ነው። ካሙ ድንጋይ ወደ ተራራ ዘላለም የሚገፋውን ሲሲፈስን ደስተኛ አድርገን እንድናስበው ጠይቆ ነበር፤ በረካ ሳኪን ግን ድንጋዩ የማን እንደሆነ፣ ተራራውን ማን በባንክ ብድር እንደያዘው ይጠይቃል። ልቦለዱ ወደ መጨረሻው ሠራተኞቹ ወደ አመፅ የሚያዘነብሉትም ከዚህ የተነሣ ነው። የካሙ አመፅ የአንድ ሰው ነው፤ ይኸኛው የብዙ ሰው ነው።

አዲስ አበባ ምን አደረገች? የአማርኛ ዘመናዊ ቴአትር ከተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የአውሬዎች ተረት ጀምሮ የማስተማር ሸክም ተሸክሞ የመጣ ነው። በ1963 በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የኪነ ጥበብ ማዕከል ሲቋቋም፣ በዓለም መድረክ ደግሞ አብሰርድ ከፍ ባለ ጊዜ፣ መንገዱ ተከፍቶ ነበር። ጸጋዬ ገብረ መድኅን ወደ 1960 ገደማ ለንደን ሮያል ኮርት ቴአትር ተምሯል። ያ ቤት የቤኬትን «የጨዋታው ፍጻሜ» በ1957 ለመጀመሪያ ጊዜ ያሳየ፣ በ1960 ደግሞ ሎረንስ ኦሊቪዬ የተጫወተበትን «አውራሪስ» ያቀረበ ነው። ሆኖም ጸጋዬ ከዚያ ይዞ የመጣው አብሰርድን አይደለም።

በእንግሊዝኛ የጻፈው «ኦዳ ኦክ ኦራክል» (1965) ለነሳርትር ኤግዚስቴንሻሊዝም የቀረበው ሥራው ነው። የኦዳው ቃል የመጀመሪያው ልጅ መሥዋዕት ይሁን ብሏል፤ ዋናው ገጸ ባሕርይ ሻንካ ደግሞ ልጁ እንዳይሠዋ ሚስቱን አልነካም ይላል። በካሙ ቋንቋ ይህ እንቢታ ነው፤ ጸጋዬ ግን እንቢታውን እንደ ነፃነት ሳይሆን እንደ ጥንታዊ ሰቆቃ ጻፈው። «ጴጥሮስ ያቺን ሰዓት» ውስጥም የሞት ፍርድ በፊቱ ያለበት ሰው ብቻውን ይናገራል። አቡነ ጴጥሮስ በሐምሌ 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በጣሊያኖች ተረሸኑ፤ በሞታቸው ዋዜማ ያላቸው ብቸኝነት የሳርትር ሰዎችን ያህል ነው፤ የሚናገሩት ግን ወደ ባዶ ሳይሆን ወደ እግዚአብሔርና ወደ ምድሪቱ ነው። የጸጋዬ ሰው ብቻውን ቢሆንም አድማጭ አለው። የመንግሥቱ ለማ ኮሜዲዎች ደግሞ፣ «ጠልፎ በኪሴ»ም «ያላቻ ጋብቻ»ም፣ ሣቃቸው የማኅበረሰብ ልማድ ላይ ነው፤ የሚስተካከል ነገር አለ ብሎ የሚስቅ ሰው አብሰርዲስት አይደለም።

አብዮቱ ሲመጣ በሩ ሙሉ በሙሉ ተዘጋ። የ1960ዎቹ ትውልድ ችግሩን ያውቀዋል፤ መሬት ላራሹ ብሎ መፈክር ይዟል። ለእሱ ሁለት ነዳያን መንገድ ዳር መቀመጣቸው የማይረባ ጉዳይ ነው፤ ተነሥተው ይደራጁ። ጸጋዬ ከጀርመናዊው ጸሐፌ ተውኔት ከብሬሽት ወስዶ «እናት ዓለም ጠኑ»ን ያቀረበው በዚሁ አብዮት ሰሞን ነው። ብሬሽት ራሱ ከመሞቱ በፊት «ጎዶ»ን ገልብጦ፣ ነዳያኑንና ጌቶቹን በመደባቸው ለይቶ ሊጽፈው ማስታወሻ ጀምሮ ነበር፤ ሳይጨርሰው ቀረ። አዲስ አበባ በተግባር ያንን ሐሳብ ተቀበለች፤ ብሬሽትን መረጠች፣ ቤኬትን ለንባብ ተወችው። ሳንሱሩም የራሱ ድርሻ አለው። የንጉሡም የደርግም መርማሪ ጽሑፉን አንብቦ «ይህ ምን ማለት ነው?» ብሎ ይጠይቃል፤ አብሰርድ ቴአትር ለዚህ ጥያቄ መልስ የለውም፣ ያ ደግሞ ለመርማሪው ከሁሉ የከፋ መልስ ነው። በ1978 የተከፈተው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቴአትር ትምህርት ክፍል ዘርፉን በክፍል ውስጥ ቢያስተምርም፣ ትልልቆቹ አዳራሾች የቤተሰብ ድራማንና ታሪክን አልለቀቁም።

ተስፋ መቁረጡ ግን አልጠፋም፤ ከመድረክ ወደ ልቦለድ ተሸጋገረ። በ1962 ዓ.ም. የታተሙት የበዓሉ ግርማ «ከአድማስ ባሻገር» እና የዳኛቸው ወርቁ «አደፍርስ» ሁለቱም የተማረው ኢትዮጵያዊ ባዶነት ላይ የቆሙ ናቸው። የበዓሉ አበራ ሠዓሊ መሆን ፈልጎ ቢሮ የሚውል ሰው ነው፤ ፍርሃቱ ረሀብ ሳይሆን ያልኖረው ሕይወቱ ነው። ስብሐት ገብረ እግዚአብሔር «ሌቱም አይነጋልኝ» ውስጥ ውቤ በረሃን ንጋት የማያውቅ ሠፈር አደረገው። በውጭ ደግሞ ሐማ ቱማ አለ። የኢሕአፓ ሰው ነው፤ ብዙ የድርጅቱ አባላት በጎንደር ወጥተው ሱዳን ገብተዋል፣ ለብዙዎቹ የመጀመሪያዋ ከተማ ገዳሪፍ ነበረች። በ1993 በእንግሊዝኛ የታተመው «የሶሻሊስቱ ጠንቋይ ክስ» የደርግ ፍርድ ቤት ትረካዎችን ይዟል፤ ክሶቹ እያሳቁ የሚያስፈሩ ናቸው፣ ዳኛው፣ ዐቃቤ ሕጉና ተከሳሹ እንደ ተውኔት ይመላለሳሉ። እውነቱን ለመናገር በኢትዮጵያውያን ከተጻፈው ሁሉ ለአብሰርድ ቴአትር የቀረበው ይህ የልብ ወለድ መጽሐፍ ነው። ምክንያቱም ግልጽ ይመስለኛል፤ ሐማ ቱማ ትርጉም አልባነትን በሰማይ ሳይሆን በመዝገብ ቤት አገኘው።

ከዚህ በኋላ የዘርፉን ሌላ ቅርንጫፍ ማየት ያስፈልጋል። ከፓሪስ ውጭ አብሰርድ የሄደው ወደ ጽሕፈት ቤት ነው። ቼኮዝሎቫኪያዊው ቫክላቭ ሃቬል በ1965 «ማስታወቂያው»ን ጻፈ፤ አንድ መሥሪያ ቤት ማንም በማይረዳው ሰው ሠራሽ ቋንቋ መጻጻፍ ይጀምራል፣ ለማስተርጎም የሚያስፈልገው ፈቃድ ደግሞ ጽሑፉ አስቀድሞ ካልተተረጎመ አይሰጥም። ፖላንዳዊው ስዋቮሚር ምሮዤክ በ1974 «ስደተኞቹ» ላይ ሁለት ሰዎችን ምድር ቤት ውስጥ አስቀመጠ፤ አንዱ የተማረ የፖለቲካ ስደተኛ፣ ሌላው ገንዘብ አጠራቅሞ ሊመለስ የመጣ የቀን ሠራተኛ። ገዳሪፍ ለሚኖር ኢትዮጵያዊ ይህ ጥምረት የቅርብ ጎረቤቱ ነው። በዐረብኛ ደግሞ ተውፊቅ አል-ሐኪም በ1962 «አንተ ዛፍ የምትወጣ»ን አሳተመ፤ የጠፋች ሚስት ምርመራ እየተካሄደ ጊዜና ምክንያት ይቀላቀላሉ። አል-ሐኪም ፓሪስ ተምሮ ቢሆንም መነሻዬ የግብፅ ባላገር ዘፈንና ተረት ነው ብሎ ተከራክሯል፤ ለእኛም ትምህርት አለው፤ የአዝማሪና የቅኔ አገር ለትርጉም ጨዋታ ፓሪስን መጠበቅ አያስፈልጋትም ነበር።

በአፍሪካ ግን ለዚህ ድንበር ከሁሉ የቀረበው በ1972 ኬፕታውን ላይ በአቶል ፉጋርድ፣ በጆን ካኒና በዊንስተን ንቾና የተሠራው «ሲዝዌ ባንዚ ሞቷል» ነው። ሲዝዌ ሥራ ፍለጋ የመጣ ሰው ነው፤ የይለፍ ደብተሩ ላይ የሰፈረው ማኅተም ከከተማው እንዲወጣ ያዘዋል። ሌሊት መንገድ ላይ የአንድ ሟች ደብተር ያገኛል፤ የሟቹ ደብተር የሥራ ፈቃድ አለው። ስሙን ጥሎ የሟቹን ስም ይውሰድ ወይ? ኪርከጎር ራስን መሆን አለመፈለግ ብሎ የጻፈው ተስፋ መቁረጥ እዚህ በሌላ በኩል ይገለጣል፤ ሲዝዌ ራሱን መሆን ይፈልጋል፣ ራሱን መሆን ግን ሕገ ወጥ ነው። አዳሞቭ በ«ፕሮፌሰር ታራን» (1953) ማንነቱን ማረጋገጥ ያቃተውን ሰው እንደ ሕልም ጻፈው፤ ፉጋርድና ጓደኞቹ እንደ ማክሰኞ ጠዋት ጻፉት።

ከ2020 ወዲህ ያለው የድንበሩ ታሪክ ለዚህ ቅርንጫፍ የተሰጠ ነው ማለት ይቻላል። በተከዜ ወንዝ ላይ ያለችው ሐምዳይት የትግራይ ስደተኞች መጀመሪያ የደረሱባት ነበረች፤ በጥቂት ወራት ከ60,000 በላይ ሰው ወደ ምሥራቅ ሱዳን ገባ፣ ለአዲሱ ቁጥር ቱነይድባህ የሚባል ሌላ መጠለያ ተከፈተ። በዚያው ሰሞን የኢትዮጵያና የሱዳን ወታደሮች በአል-ፋሻጋ ለም መሬት ላይ ይታኮሱ ነበር፤ ስደተኛ የሚቀበል መንግሥትና ከስደተኛው አገር ጋር የሚዋጋ መንግሥት አንድ ነው። በዲሴምበር 2023 የሱዳኗ ከተማ ዋድ መዳኒ ስትወድቅ ወደ ገዳሪፍ የሚጎርፈው የራሷ የሱዳን ተፈናቃይ በዛ፤ ኡም ራኩባ ያለው ኢትዮጵያዊ አስተናጋጆቹ ሲፈናቀሉ አየ። በድንበሩ ወዲህ ደግሞ በሜይ 2024 በኩመርና በአውላላ ዝርፊያውና ጥቃቱ የበዛባቸው ከሺ የሚበልጡ ሱዳናውያን ስደተኞች መጠለያውን ጥለው በእግር ወጡ፤ ወደ ከተማ እንዳያልፉ ታግደው መንገድ ዳር ዛፍ ሥር ሰፈሩ። የቤኬት መድረክ ዕቃ ሙሉ በሙሉ ተሟልቷል። ልዩነቱ እነዚህ ለመሄድ ተነሥተው እንደነበር ነው፤ ያቆማቸው የራሳቸው እግር አልነበረም።

ስለዚህ ጎንደር ወይም መተማ ያለ አንድ አዘጋጅ ለዚህ አካባቢ ተመልካች አብሰርድ ቴአትር ላቅርብ ቢል፣ በእኔ ምርጫ ከ«ጎዶ» አይጀምርም። «ጎዶ» በአዲስ አበባ ይቅረብ፤ የማይመጣውን ሰው እንደ ምሥጢር ለማየት ጊዜና ምቾት ያለው ተመልካች እዚያ አለ። ለድንበሩ «ሲዝዌ ባንዚ» ይሻላል። ግማሹ አማርኛ፣ ግማሹ የሱዳን ዐረብኛ ሊሆን ይችላል፤ የመተማና የገላባት ነጋዴ ሁለቱንም በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ስለሚጠቀም ትርጉም አያስፈልገውም። ተዋንያኑ ሁለት ናቸው፤ ዕቃው አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ካሜራና አንድ የመታወቂያ ደብተር ነው። የመጀመሪያው ረጅም ንግግር በተውኔቱ ውስጥ ያለው የፎቶ አንሺ ስለሆነ ተዋናዩ በየምሽቱ የሰሞኑን ወሬ እያስገባ ሊጫወተው ይችላል፤ ካኒም ያደርገው የነበረው እንደዚያ ነው።